ዕጣ የወጣባቸው ዶሮዎች

ቀየት፣ ጥቅምት 18 ቀን 1998 ዓ.ም.

ክትባት መሥራቱ በምን ይታወቃል? ዶሮዋ ተከተበች፣ አልሞተችም። ታዲያ ያልሞተችው ስለተከተበች ነው ወይስ በሽታው ደጇን ስላልረገጠ?

ጋሼ አባይነህ፣ ሰላምታ ሳላስቀድም በጥያቄ መጀመሬን ይቅር ይበሉኝ፤ ጥያቄው ከያዘኝ ሰንብቷል። እግዚአብሔር በሰው አገር ከክፉ ይሰውርዎ፣ እንጀራዎን ይባርክልዎ። እኛ በቸርነቱ ደህና ነን።

እርስዎ አያውቁኝም። ሰርካለም አወቀ እባላለሁ። አባቴ አወቀና እናትዎ እትዬ ጌታነሽ የወንድማማቾች የልጅ ልጆች ናቸው፤ ሩቅ ነው ቢባልም ለሠርግና ለለቅሶ የማንቀር ዘመዳሞች ነን። እርስዎ ወደ ሆላንድ ሲሄዱ እኔ ገና ፊደል እቆጥር ነበር። "የእንስሳት ሐኪሙ የጌታነሽ ልጅ" ሲባል እየሰማሁ አደግሁና እኔም ያንኑ መንገድ ያዝኩ።

አምና በእንስሳት ጤና ዲፕሎማዬን ተቀበልኩ። የት ተመደብሽ ቢሉኝ፣ እዚሁ ቀየት። ጓደኞቼ አንዷ አዋሳ፣ አንዱ ባሕር ዳር ደረሳቸው፤ ለእኔ የደረሰኝ ልጅ ሆኜ ወደ ትምህርት ቤት ሳልፍ በየቀኑ የማየው ባለ አንድ ክፍል የእንስሳት ክሊኒክ ነው። በመስኮቱ ብመለከት የሚታየኝ የአባቴ የገብስ ማሳ ነው። አባቴ ሲያርም ቀና ይልና እጁን ያወዛውዝልኛል። እወደዋለሁ፤ ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያየሁትን ማሳ አሁን በደመወዝ እያየሁት ነው።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ፈንግል እንደሚያውቁት በየዓመቱ ይመጣና የመንደሩን ዶሮ ጠርጎ ይሄዳል። ዘንድሮ ሙቀት ቶሎ የማያበላሸው፣ በዓይን የሚንጠባጠብ ክትባት ደርሶናል። ሴቶቹ ግን አያምኑትም። የእናትዎ ጎረቤት እትዬ ኮከቤ፣ "የተከተበችውም ትሞታለች፣ ያልተከተበችውም ትሞታለች፤ ልዩነቱ የተከተበችው ዓይኗ ረጥቦ ነው የምትሞተው" ብለው ሰዉን አሳቁብኝ። እኔ ደግሞ በቃል መከራከር ሰለቸኝ። ላሳያቸው እፈልጋለሁ። በትክክል ፈትኜ፣ ጽፌ፣ ምናልባትም በዚያ ጽሑፍ የተሻለ ትምህርት አግኝቼ ከዚህ መስኮት ሥር ልነሣ። እንዴት ነው የሚፈተነው?

አድራሻዎን የሰጡኝ እናትዎ ናቸው። ደህና ናቸው፣ ለባና ብርድ ልብስ የሚሆን ሱፍ ይፈትላሉ፣ ዶሮዎቻቸውም ቆጡን ሞልተውታል። እርስዎ የሚልኩትን "የልጄ ነው፣ ሲመጣ ይጠቀምበታል" እያሉ አይነኩትም፤ ጨውም ላምባም የሚገዙት ከእንቁላላቸው ነው።

መልስዎን የምትጠብቅ
ሰርካለም


ሆላንድ፣ ኅዳር 25 ቀን 1998 ዓ.ም.

ይድረስ ለሰርካለም። ጤናሽ እንደ ጓሳ ሣር ታጭዶ መልሶ የሚያቆጠቁጥ ይሁን። አባትሽን አወቀን ሳም አድርጊልኝ፤ በቅሎ ላይ መቀመጥ ያስተማረኝ እሱ ነው። ወድቄም የሳቀብኝ እሱ ነው።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ከቀየት ከእናቴ ሌላ የጻፈልኝ ሰው የለም፤ እሷም የምታስጽፈው ስለ ዝናብና ስለ ሞተ ሰው ብቻ ነው።

ያንቺ ጥያቄ የእኔ የዕለት ሥራ ነው። ስለ ወፍ ጉንፋን በሬዲዮ ሰምተሽ ይሆናል። ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚህ ገብቶ የአገሩ ዶሮ እየተለቀመ ተወግዷል። አሁን ክትባት አለ፤ ምን ያህል እንደሚከላከል ከሚፈትኑት አንዱ እኔ ነኝ። ዶሮዎቹ ያሉት አየሩ እንኳ ተጣርቶ በሚወጣበት ዝግ ቤት ነው። ስገባ ራቁቴን ታጥቤ ሌላ ልብስ እለብሳለሁ፣ ስወጣም እንደዚያው። ሁለት በሮች አሉ፤ አንዱ ሳይዘጋ ሌላው አይከፈትም። በመካከላቸው ቆሜ የምጠብቅበት ጊዜ ቢጠራቀም አንድ ክረምት ይወጣዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ግማሾቹን እንከትባለን፣ ግማሾቹን እንተዋለን። ከዚያ በሽታውን እንሰጣቸዋለን። የተከተቡት ቆመው ያልተከተቡት ከወደቁ ክትባቱ ሠርቷል። ያልተከተቡት ባይኖሩ ግን ምንም ማለት አንችልም፤ እትዬ ኮከቤም እንደ ሳቁብሽ ይቀራሉ። ደግሞም የተከተበችዋ ራሷ ደህና ሆና በሽታውን ለሌላ ታስተላልፍ እንደሆነ እንመረምራለን፤ ሳትታመም የምታስተላልፍም አትጠፋምና።

አንቺ በሽታ መስጠት የለብሽም፤ ፈንግል ጠሪ አይፈልግም። መንደሩን በቤት ለሁለት ክፈይ። ማን ይከተብ ማን ይቅር የሚለውን ግን አንቺ አትምረጪ፤ ዕጣ ይምረጠው። የተከተቡትን እግራቸው ላይ ክር እሰሪ። የቀረውን ክትባት በፍሪጅ አኑሪው፤ ፈንግሉ መጥቶ ካለፈ በኋላ ለቀሩት ትሰጪያለሽ። ቁጥርሽ ንጹሕ ከሆነ ለፕሮፌሰሬ አሳየዋለሁ። ከእኛ አገር ተማሪ መቀበል ይፈልጋል።

አንድ አደራ። እናቴ ቢሮ ተቀምጬ የምጽፍ ነው የሚመስላት። ዶሮ እያሳመምኩ እንደምኖር አትንገሪያት።

አባይነህ


ቀየት፣ ጥር 17 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለጋሼ አባይነህ። የጥምቀቱ በረከት ባሕር ተሻግሮ ይድረስዎ። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ከመሐል ሜዳ ፖስታ ቤት እስከ መናኸሪያው እየሮጥኩ ነው ያነበብኩት። ፕሮፌሰርዎ የሚለው ቦታ ላይ ስደርስ ሚኒባሱ አመለጠኝ።

እንዳሉኝ አድርጌያለሁ፤ ከክሩ በቀር። ክሩን ሳወጣ እትዬ ኮከቤ ዶሮዋን ከእጄ ቀሙኝና፣ "ልጄ፣ ጭዳ ልታስመስያት ነው?" አሉኝ። ክር ያሰረች ዶሮ ደጁ የገባችበት ሰው ምን እንደሚል እርስዎም አይረሱትም፤ በሰው ራስ ላይ ዞራ የተጣለች ነው ብሎ ይሸሻታል። ጎረቤት ከጎረቤት ሊጣላ ሆነ፤ ተውኩት። ምልክቱን በዶሮ ሳይሆን በቤት አደረግሁት፤ የተከተበ ቤትና ያልተከተበ ቤት ብዬ መዘገብኩ። ዶሮ ብትንቀሳቀስ ቤት አይንቀሳቀስም።

ዕጣውን ያወጡት በየዓመቱ የጋራ መሬታችንን የጓሳን ሣር ለየቤቱ በዕጣ የሚያከፋፍሉት አባ ወዳጆ ናቸው። እንደ ሣሩ ይሁን ስላቸው ሴቶቹ ወዲያው ገባቸው፤ እኔ ሳላስረዳቸው በፊት ተሰልፈው ነበር። እያንዳንዷ የራሷን ምልክት ቁና ውስጥ ጣለች። እትዬ ኮከቤ የጎተራ ቁልፍ፣ ከገደሉ ማዶ ብቻቸውን የሚኖሩት እትዬ ዓለሚቱ የገብስ ዘለላ፣ እናትዎ ቁራጭ ሱፍ። የአባ ወዳጆን ዓይን በነጠላ ሸፈንን። መጀመሪያ የሚወጡት ግማሾች ይከተባሉ፣ ቁናው ውስጥ የሚቀሩት ይቆያሉ።

ቁልፉ ቶሎ ወጣ። እትዬ ኮከቤ፣ "እግዜር እንኳ ክትባት የማይወድ ማን እንደሆነ አውቆ ያዘኝ" አሉ። ሱፉን እጠብቅ ነበር። የአባ ወዳጆ እጅ ቁና ውስጥ በገባ ቁጥር ሱፍ ሱፍ እላለሁ በልቤ። አልወጣም። የገብሱ ዘለላም አልወጣም።

እናትዎ ሱፋቸውን ከቁናው አንሥተው አቧራውን እፍ አሉና፣ "ጥሩ ነው፣ ለመፍተሉ ይሆነኛል" አሉ። እትዬ ዓለሚቱ መንገዳቸው ሩቅ ስለሆነ ቀድመው ሄዱ።

ጋሼ፣ እንግዲህ ልጠይቅዎ። የቀረው ክትባት በላምባ ፍሪጄ ውስጥ ተቀምጧል። የእናትዎ ቤት ለክሊኒኩ ቅርብ ነው። ማንም ሳያይ ሄጄ ለእሳቸው ባንጠባጥብስ? አንድ ቤት ብትጎድል ምን ያህል ይጎዳል? ልጃቸው እርስዎ ነዎት፤ እርስዎ ይፍረዱ።

ሰርካለም


ሆላንድ፣ የካቲት 14 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለሰርካለም፣ ሰላምሽ ይብዛ።

በአጭሩ ነው የምጽፍልሽ። የወፍ ጉንፋኑ አፍሪካ ደረሰ ከተባለ ወዲህ ከዝግ ቤቱ የምንወጣው ለመተኛት ብቻ ነው። አገሬ ልግባ ብዬ ጠይቄ የነበረው ፈቃድም ተሰርዟል።

እናቴን ከዕጣው አታውጪያት። የራስሽን ሰው ካወጣሽ ነገ እትዬ ኮከቤ የእሷን ሰው አውጪ ትላለች፣ ከነገ ወዲያ ዕጣ የሚባል ነገር አይኖርም። አንዲት ቤት ብቻ ናት ትያለሽ፤ እዚህ በአንዲት ዶሮ ምክንያት የወራት ሥራ ሲጣል አይቻለሁ። ልብሽ ሲራራ ከፍሪጁ ራቂ። እኔ የማደርገው እሱን ነው፤ ዶሮዎቹ ከሚታዩበት መስታወት እርቃለሁ።

ዕጣው ዕጣ ነው። እንዳለ ይቆይ።

አባይነህ


ቀየት፣ መጋቢት 18 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለጋሼ አባይነህ፣ የጾሙን ወራት በሰላም ያስፈጽምዎ።

መጣ። ከመሐል ሜዳ ገበያ ያልተሸጠ ዶሮ ይዞ የተመለሰ ሰው አምጥቶታል ይባላል። መጀመሪያ ክንፋቸውን ይጥላሉ፣ ቅዘናቸው አረንጓዴ ይሆናል፣ ከዚያ አንገታቸው ይጠማዘዝና ሰማይ ሰማይ እያዩ ይሞታሉ። የወፍ ጉንፋን ነው ብሎ ሰዉ ተሸበረ፤ ናሙና ልኬ ፈንግል ነው ተብሎ መጣልኝ። መልሱን ለገበያተኛው ባነብለትም አልሰማኝም። ሬዲዮ የሰማ ሁሉ ዶሮ አይገዛም። ድሮ ፈንግል ሲመጣ ሴቶቹ ያልታመሙትን ቶሎ ሸጠው ይገላገሉ ነበር። ዘንድሮ ፋሲካ እየቀረበ፣ ዓመት ሙሉ ለዚሁ ያሳደጓቸውን ዶሮዎች ከነበሽታው ይዘው ቤት ተቀምጠዋል።

የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። የተከተቡት ቤቶች ውስጥም እየሞቱ ነው። እትዬ ኮከቤ ጋ ከቆጡ ግማሹ ባዶ ሆኗል። ባልተከተበው በእናትዎ ቤት ደግሞ ግማሾቹ ቆመው ገብስ ይለቅማሉ። በየቤቱ ብዞር ያው ነው፤ የተከተበና ያልተከተበ ልዩነት የለውም። ከመሐል ሜዳ በፈረስ ሳመጣው ፀሐይ ገድሎት ይሆን? ወይስ ፍሪጁ አንድ ቀን ላምባ ጨርሶ ነበር? እትዬ ኮከቤ አሁን አይቀልዱብኝም። ይኼ ባሰብኝ።

አሁን በሁለት ነገር መካከል ተይዣለሁ። ፍሪጁ ውስጥ ያለውን አውጥቼ ለቀሩት ሁሉ ብሰጥ፣ በሽታው አስቀድሞ የገባባቸው ከጠብታው በኋላ ይሞታሉ፤ ሰውም መድኃኒቱ ገደላቸው ይላል፣ ከእንግዲህ ማንም ዶሮውን አያስነካኝም። ፈተናውም ያበቃል፣ ለፕሮፌሰርዎ የማሳየው አይኖርም። ባልሰጥ ደግሞ መድኃኒት ቆልፌ ቆሜ አያለሁ። የፍሪጁን ቁልፍ በአንገቴ ነው ያንጠለጠልኩት። ቤተ ክርስቲያን ስሳለም ከመስቀሌ ጋር ይጋጫል።

ከመሐል ሜዳ ስልክ ደውዬልዎ ነበር። አንድ ሰው በማላውቀው ቋንቋ መለሰልኝ፣ ስምዎን ደጋግሜ ጠራሁለት፣ ዘጋው።

እናትዎ ጤነኛ ናቸው። ዶሮ ሲሞትባቸው ራሳቸው ቆፍረው ይቀብራሉ፤ ለውሻ አይጥሉም። "ልጄ ቢሮው ውስጥ ለዚህ የሚሆን ነገር አያውቅም ወይ?" ብለውኛል። ምን ልበላቸው?

እባክዎ ይፍቱኝ። ልስጥ ወይስ ልጠብቅ?

ሰርካለም


ሆላንድ፣ ሚያዝያ 5 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሰርካለም፣ እግዚአብሔር በትከሻሽ ያለውን ያቅልልሽ።

ደብዳቤሽ ዛሬ ደረሰኝ። ደወለች ብሎ የነገረኝ የለም፤ ዝግ ቤቱ ውስጥ ስልክ አይገባም።

ስጪ። ለሁሉም ስጪ። ይህ ቃል ከእጅሽ እስኪገባ ስንት ዶሮ እንደሚሞት ሳስብ ወረቀቱ ላይ መቀመጥ አቃተኝ፤ ስለዚህ የቀረውን በአጭሩ ልበልሽ።

ያልነገርኩሽ ነገር አለ። እዚህ ያልተከተቡትን እስከ መጨረሻው ሲሞቱ ቆመን አናይም። ዶሮዋ አንገቷን መያዝ ሲያቅታት፣ እንደማትተርፍ ስናውቅ፣ እዚያው እንገላግላታለን፤ በቁጥሩም እንደ ሞተች ትቆጠራለች። ከዚያ በላይ ማየቱ ለቁጥሩ የሚጨምረው ስለሌለ ተከልክሏል። ለእኔ መቆሚያ መስመር ተሰምሮልኛል። ላንቺ ግን ዕጣውን ብቻ አስተምሬ የት ላይ እንደምትቆሚ ሳልነግርሽ ተውኩሽ። የሰው ዶሮ፣ የሰው ኑሮ መሆኑን ረስቼ እንደ መስታወቱ ቤት ጻፍኩልሽ። የእናቴን ጭምር።

ከመስጠትሽ በፊት ሴቶቹን ሰብስቢ። አንዳንዶቹ ዶሮዎች በሽታው ገብቶባቸዋልና ከጠብታው በኋላም ይሞታሉ ብለሽ አስቀድመሽ በአፍሽ ንገሪያቸው። የታመመ ከነካሽ እጅሽን ሳትታጠቢ ሌላ ቤት አትግቢ፤ መንገድሽንም ከጤነኛው ቤት ጀምሪ። በየቤቱ እኩል መሞታቸው ግን አልገባኝም። ክትባቱ ቢበላሽ እንኳ ሁሉም ይሞቱ ነበር እንጂ በየቤቱ ግማሽ ግማሹ አይቀርም ነበር። እስቲ ደግመሽ ተመልከቺ።

ፕሮፌሰሬን አትጨነቂበት።

አባይነህ


ቀየት፣ ግንቦት 6 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለጋሼ አባይነህ፣ የትንሣኤው ደስታ ይድረስዎ፤ እዚህም የቻለ ተደስቷል።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ከፋሲካ በኋላ ነው። መልስዎን መጠበቅ ያልቻልኩት በሆሳዕና ዋዜማ ነበር። ቁልፉን ከአንገቴ ፈታሁ፣ ጠርሙሱን በረዶ በያዘ ፔርሙዝ ውስጥ አደረግሁና እናትዎ ጋ ሄድኩ። እውነቱን ልንገርዎ፤ ከሁሉ በፊት እናትዎ ጋ የሄድኩት ቅርብ ስለሆኑ ብቻ አይደለም።

ሱፍ እየባዘቱ አገኘኋቸው። የቀሩትን ዶሮዎች ሁሉ ልክተብልዎ አልኳቸው።

"የትኞቹን?" አሉኝ።

"ሁሉንም።"

"እነዚህንማ አስቀድመሽ አድርገሽልኛል።"

እርስዎ ጋ መቼ አደረግሁ፣ ዕጣው አልወጣልዎትም አልኳቸው። እንደ ሕፃን አዩኝ። "ዕጣውንማ ተቀበልኩ። ማታውን ኮከቤ ከከተብሽላት ግማሹን አምጥታ ከእኔ ግማሽ ወሰደች። አንቺ የማን ልጅ ነሽ? ሣር ሲሆን እንዴት ነው የምናደርገው?"

ቁጭ አልኩ። ጋሼ፣ እርስዎም እኔም የዚህ አገር ልጆች ነን። የጓሳ ሣር ዕጣ ሲወጣ ድንጋያማው ለደረሰው ሰው፣ አባ ወዳጆ ዞር ካሉ በኋላ ጎረቤቱ ሸክም ሸክም ያካፍለዋል። አባቴ በየዓመቱ ተሸክሞ ሲሄድ አይቻለሁ፤ በእኔም ትከሻ ሄዷል። ዕጣ የሚወጣው ማንም በማንም እንዳይፈርድ እንጂ ማንም ባዶ እንዲቀር አይደለም። እንደ ሣሩ ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ። እነሱም እንደ ሣሩ አደረጉ። ዕጣው በወጣበት ሳምንት መንደሩ ሁሉ ዶሮውን ተለዋውጦ ነበር። እኔ ከዚያ ወዲያ ስዞር የቆየሁት ቤት እየቆጠርኩ ነው፤ ቤቱ አልተንቀሳቀሰም።

እናትዎ ቤት የቆሙት እትዬ ኮከቤ ያመጧቸው ናቸው። እትዬ ኮከቤ ቤት የሞቱት ደግሞ ከእናትዎ የሄዱት። ክትባቱ ሠርቷል፣ ጋሼ። ፀሐይም ላምባም አልገደለውም። ይኼን ስረዳ መደሰት ነበረብኝ፤ አልተደሰትኩም። ፈተናው በጥር አብቅቶ ነበር። በመጋቢት መድኃኒት ቆልፌ የጠበቅሁት ላልነበረ ነገር ነው።

በሆሳዕና ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹን ዘንባባቸውን እንደያዙ ቅጥሩ ሥር አቆምኳቸው። እርስዎ የጻፉልኝን ሳላገኝ ነው፤ ግን ያንኑ ነገርኳቸው፤ ጠብታው የዘገየባቸው ይሞታሉ፣ አስቀድማችሁ እወቁልኝ አልኩ። እትዬ ኮከቤ፣ "እስከ ዛሬ ለማን ብለሽ አሳደርሽው?" አሉኝ። በንዴት አልነበረም፤ ማወቅ ፈልገው ነው። ከሰዉ ፊት "ለእኔ" ማለት አልቻልኩም።

ሁሉንም ቤት ዞርኩ። ጥቂቶቹ ከጠብታው በኋላ ሞቱ፣ ብዙዎቹ ቆሙ፤ መድኃኒቱ ገደለብኝ ያለኝ የለም። መጨረሻ ላይ ገደሉን ተሻግሬ እትዬ ዓለሚቱ ጋ ደረስኩ። ቆጡ ባዶ ነበር። ሩቅ ስለሆኑ፣ ዕጣው በወጣ ቀንም ቀድመው ስለሄዱ፣ ግማሽ ይዞ የሄደላቸው ጎረቤት የለም። አንዲት ዶሮ አልቀረችላቸውም። ከመንደሩ ሁሉ ፈተናው እርስዎ እንዳሉት ሳይነካ የቆየው በእሳቸው ቤት ብቻ ነው። ንጹሕ ቁጥር ያሉኝ እሱ ነው፤ ባዶ ቆጥ። ፔርሙዜን እንደያዝኩ ደጃቸው ቆሜ፣ "ምን ይዘሽ መጣሽ?" ሲሉኝ በነጠላዬ ሸፈንኩት።

ለመሥሪያ ቤቴ እንደሆነው ጽፌ ልኬያለሁ፤ የሴቶቹን ስም አላነሣሁም። ፈተናው ዋጋ እንደሌለው ስለምረዳ ለፕሮፌሰርዎ የሚላክ የለኝም። መስኮቴም ያው ነው፤ አባቴ አሁን ገብሱን እየዘራ ነው። ሴቶቹ ለእትዬ ዓለሚቱ ቄብ ቄብ ዶሮ እያዋጡላቸው ነው፣ እኔም ከደመወዜ አንዲት ገዝቼ ወሰድኩ። የሌሎቹን ተቀበሉ። የእኔን፣ "አንቺ ጋ ትቆይ፣ ጠብቂያት" ብለው መለሱልኝ። ክሊኒኩ ውስጥ ጠረጴዛዬ ሥር ታድራለች።

ከክረምት በኋላ እንደገና እጀምራለሁ። ለሁሉም ቤት፣ በአንድ ቀን፣ ከገደሉ ማዶ ጀምሬ። ግን አሁንም ማወቅ እፈልጋለሁ፣ ጋሼ፤ ማንንም ሳያስቀሩ ክትባት መሥራቱን ማወቂያ መንገድ አለ? ያላመኑ መንደሮች ራሳቸው እንቆይ ካሉ የእነሱን ከእኛ ጋር ማስተያየት ይቻላል? ከመንደር ስንቱ ቢከተብ ነው ያልተከተበችዋም የምትተርፈው? እዚያ የምትለኩት ይኼንን ከሆነ ይጻፉልኝ፤ ቁጥር ሲገባኝ ልቤ ይረጋጋል።

ሁለተኛው ልመናዬ የእናትዎ ነው። ፍሪጁን ቆልፈሽ ጠብቂ ያለሽ ማን ነው ብለው ጠየቁኝ፤ መዋሸት አልቻልኩም። ሥራዎንም ነገርኳቸው፣ አደራዎን በላሁ። ሱፋቸውን መባዘት ቀጠሉ። ከዚያ፣ "እኔን አታውጪያት ማለቱ ደግ አደረገ። በማን ፊት እቆም ነበር?" አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ "እሱ ግን እዚያ ማታ ማታ ከማን ጋር ነው የሚያወራው?" አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው።

እስካሁን ደብዳቤዎችዎን ሳነብላቸው መስመር እየዘለልኩ ነበር። ስለዚህ ለእሳቸው ለብቻው ይጻፉ፤ አንድም መስመር ሳልዘል የማነብላቸውን። ሱፋቸውን ይዘው ክሊኒኩ ደጃፍ እየመጡ ይቀመጣሉ፤ ፖስታ የመጣ እንደሆነ ብለው ነው።

ሰርካለም